ሞተር ብስክሌታቸውን ለገብርኤል ያስረከቡት የአቶ ክንዱ ገብረ መስቀል የሕይወት ታሪክ

አቶ ክንዱ ገብረ መስቀል ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ መስቀል አካሉና ከእናታቸው ከወይዘሮ አገርነሽ ወልደ ገብርኤል በ1922 ዓ.ም. በጣና ዳር በዘጌ ተወለዱ። በአባታቸው እግር ሥር ተቀምጠው ዳዊት ደገሙ፤ ዜማም ጀምረው ነበር። ልባቸው ግን ወደ ብረት አደላና በ1938 ዓ.ም. ጎንደር ከአንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ ገብተው ሙያ ተማሩ። መሪጌታ ቅር ቢላቸውም «ብረቱንም የፈጠረ እሱ ነው» ብለው መረቋቸው።

በ1951 ዓ.ም. ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ሀብተ ሥላሴን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው የሻሽወርቅን፣ አዘዘንና ጽጌን ወለዱ። በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በመካኒክነት ተቀጥረውም ጡረታ እስኪወጡ አገለገሉ።

ስለ ሞተር ብስክሌታቸው ሳንናገር ብናልፍ ቀባሪው ራሱ ይታዘበናል። ቀይዋ ሞተር በአስመራ ጎዳናዎች ለእሽቅድምድም የመጣች ነበረች። የመጀመሪያ ባለቤቷ የነበረው ጣሊያናዊ አገሩ ሲገባ ለአንድ የጎንደር ጋራዥ ባለቤት ሸጣት። ከእሱ የገዟት የይፋግ ከተማው እህል ነጋዴ አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ደግሞ ቦይ ውስጥ ይዘዋት ገቡና ሰባብረው ጎተራ ሥር ጣሏት። አቶ ክንዱ በ1967 ዓ.ም. የነጋዴውን ወፍጮ ጠግነው በምትኩ እሷን አመጡ። መለዋወጫ በአገር ስላልነበረ የጎደለውን በብረት መቅረጫ ማሽን በቶርኖ እየቀረጹ፣ ከልጃቸው ከአዘዘ ጋር ዓመታት ደክመው በ1975 ዓ.ም. አስነሷት። ማን ይንዳት እያሉ አባትና ልጅ ሲከራከሩ ጎረቤት ይስቅ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. አዘዘ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ዘመተ። ያን ሳምንት አቶ ክንዱ «ልጄን በሕይወት ብትመልስልኝ ሞተሬ ያንተ ናት» ብለው በሐይቁ ውስጥ ላለው ለደሴቱ ገብርኤል ተሳሉ። ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ ግን የአዘዘ ወሬ ጠፋ።

በ1980 ዓ.ም. ከግንባር የተመለሰ ሰው አዘዘ ሲወድቅ አይቻለሁ ስላለ፣ እንደ ልማዳችን ጎሕ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስበን መርዶ ልንነግራቸው ሄድን። በሩን ስናንኳኳ «ጸሎት ላይ ነኝ፤ ትንሽ ታገሡኝ» አሉን። ቆመን ስንጠብቅ በጓሮ በር ሞተሯን አስነሥተው ከከተማ ወጥተው በመሸንቲ መንገድ በረሩ። ያቺ የእሽቅድምድም ሞተር በዕድሜዋ አሸንፋ ያየናት ያን ዕለት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያም ሰው በማለዳ በመጣ ቁጥር ይሄዱብን ነበር፤ የቤንዚን ኩፖናቸውንም ለዚሁ ይቆጥቡ ነበር። ያልተሰማ መርዶ መርዶ አይደለም ይሉ ነበርና ተዝካር እንድናወጣም አልፈቀዱም። እኛም መጀመሪያ ተናደድን፣ በኋላ ግን አንጀታችንን በሉት።

በ1981 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጸናባቸው። ሐምሌ 19 ቀን ሞተሯን አጥበውና ወልውለው በጀልባ አስጭነው፣ መንገድ ወደሌለበት ወደ ደሴቱ ወሰዷት። የገዳሙ አበምኔት አባ መርስዔ ኀዘን ደንግጠው «አቶ ክንዱ፣ ልጁ መቼ ተመለሰ? ስለት የሚገባ እኮ ሲሰምር ነው» አሏቸው። እሳቸውም «አባቴ፣ እኔ የበኩሌን ፈጸምሁ። የቀረው የገብርኤል ነው» ብለው መለሱ። አባም በመስቀላቸው ባርከው ተቀበሏት።

አቶ ክንዱ በሕክምናና በጠበል ሲረዱ ቆይተው ታኅሣሥ 11 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ዐረፉ። ይህን ታሪክ እንድጽፍ እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ሲያዙኝ ያስጠነቀቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ልጆቼ ሲጠሩ አንዱም እንዳይጎድል አሉኝ። ስለዚህ አቶ ክንዱ በሞት የተለዩት በሕይወት ካሉት ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ ከልጆቻቸው ከየሻሽወርቅ ክንዱ፣ ከአዘዘ ክንዱና ከጽጌ ክንዱ እንዲሁም ከልጅ ልጆቻቸው ነው።

መሐሪው አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች ጋር ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥልን። አዘዘን ያገኘ ወገን ቢኖር፣ አባቱ ማረፋቸውን ቁጭ አድርጎ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ ቀስ ብሎ ይንገርልን።