የቡላ ጾም

ደባርቅ፣ መጋቢት 14 ቀን 2002 ዓ.ም

ልጄ የትናየት፣ ሰላምታዬ ቤይሩት ድረስ ይድረስሽ። የሰው ቤት ሥራው አልከበደሽም? እኔ ደኅና ነኝ።

የወንድምሽ የማንያዘዋል ድመት፣ ቡላ፣ ሊሞትብኝ ነበር። መኪናው ሊማሊሞ ላይ ተገልብጦ ወንድምሽን ካጣነው ወዲህ የሚተኛው በእሱ ጋቢ ላይ ነው። ሰሞኑን ምድጃው አመድ ላይ እየተቀመጠ ያምጣል፣ ይጮኻል፤ አመዱ ላይ ግን ጠብታ የለም። ሆዱ ደርቆበት መስሎኝ ተልባ አጠጣሁት። በማግሥቱ እህል ትቶ ተዘረረ። ልጄን ቀብሬ ድመቱንም ልቀብር ነው ብዬ በዘንቢል ይዤው ወደ ከብት ክሊኒኩ ሮጥሁ።

በሬና በቅሎ ይዘው የተሰለፉት ሳቁብኝ። "እማማ፣ ለእርሻ ነው ለጭነት?" አለኝ አንዱ።

ሐኪሙ አለምነህ ግን አልሳቀም። ሆዱን ዳሰሰና፣ "እማማ፣ ድርቀት አይደለም። የሽንት ፊኛው ሞልቶ እንደ ሎሚ ጠጥሯል፤ መውጫው ተዘግቷል። ቢያድር ይሞት ነበር" አለኝ። በመርፌ አደንዝዞ ቀጭን ቱቦ አስገባለት። ደም የቀላቀለ ሽንት ወጣ፤ ከሥሩ እንደ አሸዋ ያለ ነገር ዘቀጠ።

"ምን ይጠጣል?"

"ወተት ነበር። አሁን ጾም ነው።"

"ውሃስ?"

ወተቱ ሲቀር ውሃ ማኖር አልታሰበኝም፤ ከእኔ ጋራ ሳስጾመው ከርሜያለሁ። ውሃ ከአጠገቡ እንዳላሳጣው፣ ምግቡንም በዶሮ መረቅ እንዳርስለት፣ ዳግም ካማጠ ሳላሳድር እንዳመጣው አዘዘኝ።

ዶሮ በሁዳዴ እንዴት ላሳርድ? የንስሐ አባታችንን አባ ሀብተ ሚካኤልን ጠየቅኋቸው።

"ይርገዱ፣ ድመቱን ማን ክርስትና አነሳልሽ?" ብለው ሳቁ። "በይ ሂጂ ቀቅይለት።"

ማንያዘዋል ከሞተ ወዲህ እኔም የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ ጠዋት አመዱ ርሶ አገኘሁት። ሐዘንተኛ መሆኔን ረስቼ እልል አልሁ! ጎረቤታችን በለጠች ነጠላዋን እየጎተተች ሮጣ ገባች።

"የትናየት መጣች?"

"ኧረ ቡላ ሸንቶ ነው!"

ሳቀች፤ ከዚያ ፊቴን አየችና አጠገቤ ቁጭ አለች።

ልጄ፣ ስለ እኔ አታስቢ፤ ቡላ አለልኝ። ፍራሽሽንም ፀሐይ አስመትቼ መልሼ አንጥፌዋለሁ፤ እንዲያው ብል እንዳይበላው ብዬ ነው። የደረስጌ ማርያም በወጣሽበት በገባሽበት ትከተልሽ።

እናትሽ ይርገዱ