ምላጭ የማይወድ ቆዳ

ውድ ጎረቤቴ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲያ ስለሚጀመር ነው። በቃል እንዳልነግርህ አፍህን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ቃል ሳልናገር ሦስተኛውን አንተ ትጨርስልኝና ነገሩን ጨዋታ አድርገህ ታስቀረዋለህ። ወረቀት ጣልቃ አይገባም። ስለዚህ በመካከላችን አንድ ግድግዳ ብቻ እያለ፣ አንተ ወዲያ የሰው ጢም እየላጨህ፣ እኔ ወዲህ ፎቶ ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ። ስለ ጤንነትህ አልጠይቅህም። ስታፏጭ ይሰማኛል፤ ደህና ነህ።

ያን ቀን ወንበርህ ላይ ጋደም አድርገኸኝ ቀኝ ጉንጬን ጨርሰህ ነበር። ወደ ግራው ልትዞር አገጬን በሁለት ጣትህ ከፍ አደረግክና ምላጩን ጉሮሮዬ ላይ አሳርፈህ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው፣ «እኔና የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ልንጋባ ነው» አልከኝ። ቦታውን መርጠህ ነው። ጉሮሮው ላይ ምላጭ ያረፈበት ሰው አይናገርም፣ ራሱን አይነቀንቅም፣ ምራቁን እንኳ አይውጥም። «ደስ አይልህም እንዴ?» አልክ፤ ምላጩን ግን አላነሳህም። ስታነሳው እኔም ተነሣሁ። ፎጣውን ፈትቼ ወንበሩ ላይ ጣልኩትና፣ ግማሹ የተላጨ ግማሹ አረፋ የለበሰ ፊቴን ይዤ ወጣሁ። ጎማ ጠጋኙ ከመንገድ ማዶ አይቶኝ «ቀናበል፣ ሌላው ጉንጭህ በቀጠሮ ነው?» አለኝ። ሰው ሳቀ።

ያ ስም እንዴት እንደወጣልኝ ታውቃለህ። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣውን ሁሉ «ቀና በል፣ ቀና በይ» ስለምል ነው፤ መጀመሪያ የጠራኸኝም አንተ ነህ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደግሞ «ቀናበል እውነትም ቀና» እያልክ ለደንበኞችህ ታወራለህ አሉ። አዎ፣ ቀንቻለሁ። ማፈር ካለብን አንተ ቅደም።

እንደምወዳት ከአንተ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እዚያው ወንበር ላይ ነው የነገርኩህ። «ልንገራት ወይ?» ብዬ ስጠይቅህ በመስታወቱ ውስጥ አንገቴን አየት አደረግክና «በዚህ ፊት? መጀመሪያ ይዳንልህ እንጂ። ቅባት የምትሸጥለትን ሰው ማን ያገባል?» አልከኝ። እውነትህን መሰለኝ። ከጆሮዬ ሥር እስከ ማንቁርቴ የሚወርደው ሽፍታ ሲቀላ፣ ሲያሳክክ፣ አንዳንዴም ሲያዥ ዓመታት አልፈዋል። ምርመራውን አንተ ያለ ሐኪም ጨርሰኸው ነበር፤ «ቆዳህ ምላጭ አይወድም» ብለህ። ያቺን ቃል ተቀበልኩ። ዘመድ ሲጠይቀኝ «ቆዳዬ ምላጭ አይወድም» እላለሁ። እናቴም «በአባቱ በኩል ነው» ብላ አጸደቀችልህ። አባቴ ግን ዕድሜውን ሙሉ ተላጭቶ አንድ ጭረት አያውቅም።

እና ጠበቅኩ። እስኪድን።

ያን ዕለት ግን ግማሽ ጢም ይዤ ሰው ፊት መቆም አልቻልኩም። ወደ አንተ ከመመለስ ደግሞ አንገቴን ብሰጥ ይሻለኝ ነበር። ማዕዘኑ ላይ ያለው ሱቅ ገብቼ በእጅ የሚላጩበት ዕቃ ስጡኝ አልኩ። ባለሱቋን እትዬን ታውቃቸዋለህ፤ ነገር ካልጨመሩ ዕቃ አይሸጡም። እጀታውን አውጥተው «ምላጩ የትኛው ይሁን?» አሉኝ።

«ምላጭ ስንት ዓይነት ነው?»

«ሰውስ ስንት ዓይነት ነው?» አሉና ቀዩን ሰጡኝ። ሟች ባለቤታቸው በእሱ ነበር የሚላጩት።

የእትዬ ባል ምን ዓይነት ቆዳ እንደነበራቸው እንጃ፤ ጫማ ሳይሆን አይቀርም። ቀዩ ምላጭ ስለቱ የጉድ ነው። እኔ ደግሞ ድንች እንደሚልጥ ሰው ተጭኜ ሳብኩት። አገጬ፣ ከንፈሬ ሥር፣ ጉሮሮዬ፣ ያልደማ ቦታ አልነበረም። ሶፍት እየቀደድኩ ለጥፌ ሥራ ገባሁ። ለፓስፖርት ልትነሳ የመጣች ሴትዮ ካሜራውን ትታ እኔን ስታይ ቆየችና «ወንድሜ፣ ሌላ ቀን ልመለስ?» አለችኝ። በማግስቱ እትዬ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ሚስት ናት ወይስ ድመት?»

«ሚስት የለኝም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ድመቷን አባራት» ብለው ነጩን ሰጡኝ።

ነጩ ደግሞ አይቆርጥም፤ እየጎተተ ይነቅላል። መስታወቱ ፊት ቆሜ እንባዬ ወረደ። ለእሷ ያለቀስኩ እንዳይመስልህ፣ ለምላጩ ነው። ለእሷ ያለቀስኩት ሌላ ጊዜ ነው። ቀጥሎ አረንጓዴውን ሞከርኩ፤ አልቆረጠኝም፣ ግን ፊቴ ቀኑን ሙሉ በርበሬ እንደ ነካው ሲያቃጥለኝ ዋለ። እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጬ ወደ ወንበርህ የምመለስ መስሎህ እንደነበር አውቃለሁ። በራፌ ላይ ስታልፍ ፊቴን እያየህ ፈገግ ትል ነበር። አንድ ቀንማ ጭራሽ ራስህን አስገብተህ «ኧረ ና ልላጭህ፣ ቆዳህን የማውቀው እኔ ነኝ» አልከኝ። ያን ጊዜ በልቤ ማልኩ፤ ጢሜ ጉልበቴ ድረስ ቢወርድ እንኳ አንተ አትነካውም። ቂም ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ቂም ባይኖር ኖሮ በሁለተኛው ምላጭ ትቼው ነበር።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ሥራዬ መብራት አይደል? የፎቶ መብራቴን ከጎን አብርቼ አንገቴን በመስታወት አየሁት። መብራት ከጎን ሲመጣ እያንዳንዱ ጸጉር ጥላ ይጥላል። በግራ አንገቴ ላይ ጢሜ ወደ ታች አይደለም የሚተኛው፤ ወደ ጆሮዬ ነው። አንተ ያን ሁሉ ዘመን እዚያ ቦታ ላይ በግልባጩ ስትጎትተኝ ኖረሃል። መጫን ተውኩ፣ እጀታው በራሱ ክብደት እንዲሄድ ለቀቅኩት፣ በሙቅ ውኃ ቆዳዬን አለሰለስኩ። ከዚያም እትዬ በር ላይ እንደ ጨሌ የሚያንጠለጥሉትን፣ ለመጣ ለሄደው ሁሉ የሚሸጡትን ተራውን ቢጫ ምላጭ ሰጡኝ። «ይኼን መጀመሪያ ያልሰጡኝ ለምንድን ነው?» ብላቸው «ፊትህን ሳየው የክፉ ቀን ፊት መሰለኝ» አሉኝ።

ቢጫው ተስማማኝ። ሽፍታው ደረቀ፣ ተቀረፈ፣ ጠፋ። ቅባት አልነካሁም። አንገቴን ስዳስሰው የሌላ ሰው አንገት መሰለኝ።

ስህተት የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። የተስማማኝን ምላጭ መጣል ክፋት መሰለኝ። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ደግሞም ሥራ። ደጋግሜ ደጋግሜ ተላጨሁበት። አንድ ጠዋት ሽፍታው ተመልሶ መጣ። እዚያው ቦታ፣ ያው ቅላት፣ ያው ማሳከክ። ምላጩን አውጥቼ ጣልኩና ከዚያው ከቢጫው አዲስ ብሰካ እንደገና ዳነ። ነገሩ ከምላጩ ዓይነት አልነበረም፤ ከማርጀቱ ነው።

የዚያን ጊዜ መሳቢያህ ትዝ አለኝ። ለሌላው ደንበኛ ሁሉ ዓይኑ እያየ አዲስ ምላጭ ከነወረቀቱ ለሁለት ሰብረህ ግማሹን ትሰካለታለህ። ለእኔ ሲሆን መሳቢያውን ስበህ በጨርቅ የተጠቀለለ መላጫ ታወጣለህ። «ይቺ ያንተ ብቻ ናት፤ የማንንም ፊት አልነካችም» ትላለህ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሲያዩኝ ደረቴ ይነፋ ነበር። ልዩ ደንበኛ፣ የቤት ሰው ነኝ ብዬ። ያቺ ምላጭ ከእኔ ጋር አርጅታለች፤ ስትለውጣት ያየሁበትን ቀን ባስታውስ ባስታውስ አጣሁት።

እንዲያም ሆኖ ልፈርድብህ አልፈለግኩም። ስንፍና ነው አልኩ፣ ልማድ ነው አልኩ። ዕድሜውን ሙሉ ጢም ሲላጭ የኖረ ሰው፣ አሮጌ ምላጭ ቆዳ እንደሚያቆስል እንዴት አያውቅም እያልኩም፣ ለጥርጣሬዬ በር አልከፈትኩለትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት እኔ ነኝ።

ከትናንት በስቲያ እሷ መጣች። ለጋብቻ ምዝገባችሁ ጉርድ ልትነሳ። ለአንገቴ ከእሷ በምገዛው ቅባት ሰበብ እንኳን ፊት ለፊት ከተያየን ቆይተናል፤ «ደንበኛ አለህ፣ አንተ አትድከም፣ እኔ ደረስ ብዬ ላምጣልህ» እያልክ ጋውንህን አውልቀህ የምትሄደው አንተ ነበርክ። ስንቱ ወንድም እንዲህ ያደርጋል ብዬ እመርቅህ ነበር። እሷም ገና ከመግባቷ ቆም ብላ አንገቴን አየች። የመድኃኒት ሰው ዓይን ታውቃለህ፣ ከሰላምታ በፊት ቁስል ነው የሚያየው።

«ድነሃል» አለችኝ።

«ድኛለሁ።»

«ምን ቀባህበት?»

«ምንም። ምላጩን ቶሎ ቶሎ እቀይራለሁ።»

ቦርሳዋን ከትከሻዋ ላይ አወረደች። «እሱን አይደል እንዴ እኔ ስልክልህ የኖርኩት?»

«ምን ብለሽ?»

«አዲስ ምላጭ ይጠቀም ብዬ ነዋ። ቅባቱን ሊወስድልህ በመጣ ቁጥር እነግረዋለሁ። ‹ነግሬዋለሁ፣ ግትር ነው፣ ቤቱ አንድ የዛገ ምላጭ ይዞ ከሱ ሌላ አልላጭም ይላል› ይለኛል። እኔም ምን ዓይነት ሰው ነው እያልኩ እገረምብህ ነበር።»

«ቤቴ ተላጭቼ አላውቅም ነበር» አልኳት። «እሱ ጋ ነበር የምላጨው። ምላጩም እሱ መሳቢያ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው።»

አንተ ከግድግዳው ወዲያ ታፏጭ ነበር፤ ሁለታችንም አዳመጥንህ። ፊቷ ላይ ነገሩ አንድ በአንድ ሲገጣጠምላት አየሁ። ሽፍታው ከዳነ ወደ መድኃኒት ቤቱ የምትመላለስበት ምክንያት ያልቅብሃል። ስለዚህ አንገቴ መዳን አልነበረበትም። እኔ «ይዳንልህ» ያልከኝን ስጠብቅ፣ አንተ እንዳይድን ስትጠብቅ ነበር። በእኔ ቁስል እሷ ደጅ ጠናህ። ለእሷም የጓደኛውን መድኃኒት ሳይሰለች የሚያመላልስ ደግ ሰው ሆነህ ታየሃት፤ «መጀመሪያ የወደድኩለት ያንን ነበር» አለችኝ፣ እኔን ሳይሆን ወለሉን እያየች።

ልቤን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁትም። በዚያች ሰዓት ብናገር አንተ የለቀቅከውን ወንበር ልይዝ የተሰለፍኩ ይመስላት ነበር፤ እሷ ደግሞ ለዚያን ቀን የሚበቃትን ያህል ወንድ አይታለች።

«አንሳኝ» አለችና ተቀመጠች። ቀና በይ ማለት አላስፈለገኝም። አነሳኋት፣ አትሜ፣ ከርክሜ፣ ኤንቨሎፕ ውስጥ ከተትኩላት። ተቀብላኝ አንዱን አውጥታ ራሷን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«እነዚህ ጉርዶች ለጋብቻ ብቻ ነው የሚሆኑት?»

«ሌላ ለምን ፈልገሻቸው ነው?»

«ዝውውር ልጠይቅ። ሌላ ከተማ ያለው ቅርንጫፋችን ሰው ይፈልጋል።»

«ጉርድ ጉርድ ነው» አልኳት። «ለምን እንደሚውል አይጠይቅም።»

እጄን ጨብጣ «ደህና ሁን» አለችኝ። ደህና ሁን ብዙ ዓይነት ነው፤ የእሷ የማይመለስ ሰው ነበር። በአንተ በራፍ ሳይሆን በጓሮው መንገድ ሄደች። እኔም አጥቻታለሁ፤ ደስ ብሎኛል ብዬ አልዋሽህም። ግን ከዚያ ወንበርህ ከተነሣሁ ወዲህ ሙሉ እንቅልፍ የተኛሁት ያን ዕለት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ አንተ እስከ ዛሬ ረስተኸው ከሆነ አስታውስ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ይህን ወረቀት ጠዋት ሳትከፍት በበርህ ሥር አስገባዋለሁ። ወደ አንተ መጥታ ትጠይቅህ ወይም ሳትጠይቅህ ትሂድ፣ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ስለዚህ ዛሬ በርህ በተከፈተ ቁጥር ዞር ትላለህ። ነገም። ስትዞር ግን እጅህን ከደንበኛው ጉሮሮ ላይ አንሳ፤ እሱ ምን በደለ።

ከእንግዲህ ፊት የማልሰጥህ፣
ጎረቤትህ ባለ ፎቶ ቤቱ