የተዘቀዘቀችው ቅጠል

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለታናሽ ወንድሜ። ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤም ቢሆን እረፍት አግኝቷል፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካችን አሁን የሚሠራው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። አለቃችን «ከውጭ የሚገባው በሚሸጥበት ዋጋ እኛ ክሩን እንኳ አንገዛበትም» ይላል፣ ጫማውን እያየ።

ቅዳሜ ዕለት ጎረቤቴ አንተ ካለህበት አገር የገባ አዲስ ብርድ ልብስ ገዝታ ልታሳየኝ መጣች። አበባው የኛ፣ ቀለሙም የኛ። ይሁን፣ አበባ የማንም ነው አልኩ። ጥጉን ስገልጠው ግን አንዷ ቅጠል ቁልቁል ተዘቅዝቃለች። ገበያ ወጥቼ ሌሎቹንም አየሁ፤ ሁሉም ላይ አለች።

እናታችን ፋብሪካው ውስጥ ያንን ንድፍ መጀመሪያ ስትሞክረው ቅጠሏን ዘቅዝቃ ሠራቻትና «በሉ፣ ይሄን የሚለብሰው የኔው አልጋ ነው» ብላ እየሳቀች ወደ ቤት አመጣችው። ፋብሪካው ከዚያ ወዲህ የሠራው ሁሉ ታርሟል። የተዘቀዘቀችው በዚያ በአንዱ ብቻ ነበረች፤ አንተ ስትሄድ «የእናቴ ጠረን አለው» ብለህ ሻንጣህ ውስጥ በከተትከው።

ጎረቤቴ «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» አለችኝ። «ያምራል፤ ይሙቅሽ» አልኳት።

እዚያ በምትሠራበት ብርድ ልብስ ፋብሪካ እድገት አገኘሁ ብለህ የጻፍከው ደርሶኛል። በምን እንዳገኘኸው ግን አልጻፍክም። እንኳን ደስ ያለህ። ያን ብርድ ልብስ ካልጣልከው ማታ ማታ ደርበው፤ እናትህ የደከመችበት ነው።

የሽመና ክፍሉ ሰው ሁሉ ሰላም ብሎሃል፤ «ወንድምሽ ያለበት አገር ሥራ ይኖር ይሆን?» እያሉ ይጠይቁኛል። ስለ ቅጠሏ ለማንም አልተነፈስኩም፤ ሆድ ይፍጀው።

ደህና ሁንልኝ፤
ያችው እህትህ።