በስእለት መንገድ ላይ የተነጠፈ አልጋ

ውድ ኤዴልሚራዬ፣

ይህን የምጽፍልሽ በአገራችን ደቡብ ጫፍ፣ ፑንታ አሬናስ፣ አንዲት ባልቴት በምታከራየው ማረፊያ ቤት፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ነው። በደቡብ ዋልታ በኩል ወዳለው የበረዶ ምድር የሚወስደን ትንሽ አውሮፕላን ሰማዩ ካልጠራ አይነሳም ተብለን ይኸው ሁለተኛ ቀናችን። «እንደምን አለሽ» ብዬ ልጀምር ነበርና ብዕሩን አስቀመጥኩት። አንቺ ደኅና መሆንሽን ባውቅ ኖሮ መጀመሪያውኑ እዚህ ድረስ ምን ያመጣኝ ነበር?

ግራ ገብቶኛል፣ ኤዴልሚራ። ድሮ ግራ ሲገባኝ ሊጥ እያቦካሁ አወራሽ ነበር። አንቺም ያልሰማሽ መስለሽ ቆይተሽ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ቃል ጣል ታደርጊያለሽ፤ ያቺው ትበቃኝ ነበር። አሁን ያችን ቃል የሚጥልልኝ የለም። እንደመጣልኝ ልጻፈው፤ አንቺ ደግሞ እንደሚሆን አድርገሽ ስሚው።

ነገሩ የስእለትሽ ነው። የዛሬ አምስት ዓመት በክረምቱ መካከል ኦክታቪዮ እዚያ የበረዶ ጣቢያ ውስጥ መካኒክ ሆኖ ሲሠራ ትርፍ አንጀቱ ሲያመው፣ ስድስት ቀን ሙሉ አውሮፕላን ማረፍ ሲያቅተው፣ ከዳቦ ምድጃችን ጎን ተንበርክከሽ ያልሽውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «የቀርሜሎስ እመቤቴ፣ ልጄን ካተረፍሽልኝ እዚያው ድረስ ሄጄ፣ ጣቢያው ውስጥ ባለችው ጸሎት ቤት ከበሩ እስከ መንበሩ በጉልበቴ ገብቼ አመሰግንሻለሁ።» በሰባተኛው ቀን ሰማዩ ተከፈተና ልጃችን ተረፈ። አንቺ ግን ስእለትሽን ሳታደርሺ ባለፈው ነሐሴ ጥለሽኝ ሄድሽ።

ለነፍስሽ የምንጸልየው ዘጠነኛው ቀን ላይ አበልጃችን ሩፔርታ ጥግ ያዘችኝ። ታውቂያታለሽ፤ በእመቤታችን በዓል ጨፋሪዎቹን እንደምትመራ ሁሉ የሰውንም ቤት መምራት ትወዳለች። «አበልጄ» አለችኝ፣ «ስእለቷን ሳታደርስ የሄደች ነፍስ እኮ ደጅ ላይ ነው የምትቆመው። አትገባ፣ አትመለስ። ማን ሊያደርስላት ነው?» የያዝኩት ዳቦ እጄ ላይ ቀረ።

በማግስቱ አባ ሊሳንድሮ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ደግሞ ስእለት ከተሳለው ሰው ጋር እንደሚያበቃ፣ እግዚአብሔርም በር ላይ ዱላ ይዞ የቆመ ዘበኛ እንዳልሆነ ነግረው ሸኙኝ። እስከ ቤታችን ድረስ አመንኳቸው። በሩን ከፍቼ ስገባ ግን ሩፔርታን አመንኩ። አባ ሊሳንድሮ ስንት ዓመት ተምረዋል፤ እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ግን ሩፔርታም ስንት ሰው ቀብራለች። የቱ ነው እውቀት? እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ለኦክታቪዮ ነገርኩት። አሁን ጎብኚዎችን ወደ በረዶው ከሚወስዱ ሰዎች ጋር እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። ስልኩ ላይ «እኔ ጋ ተወው» አለኝ። ሳምንት ሳይሞላ ከሳንቲያጎ እስከዚህ የሚያደርስ ትኬት ላከልኝ፤ በአውሮፕላን በመመላለስ ብዛት ያጠራቀመው የጉዞ ነጥብ ነበረውና ቢዝነስ ክላስ አደረገልኝ። «አባዬ፣ ዕድሜ ልክህን ቆመህ ነው የሠራኸው፤ አንድ ቀን እንኳ ተኝተህ ሂድ» አለኝ። እንዲህ የሚልን ልጅ እንዴት እምቢ ይሉታል?

ሩፔርታ ይህን ስትሰማ ወገቧን ያዘች። በስእለት መንገድ ላይ ሥጋ የለም፣ ወይን የለም፣ ለስላሳ መኝታ የለም፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል አለች። «አንተ እንደ ንጉሥ ተንጋለህ ስትሄድ፣ ያቺ ምስኪን ደጅ ላይ ቆማ ትቅር?» ቀጥላም ሁለት እፍኝ ጥሬ ሽምብራ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ አባትሽ ለእመቤታችን በዓል ወደ ላ ቲራና በእግራቸው ሲጓዙ ጫማቸው ውስጥ እንደሚያደርጉት መሆኑ ነው። ወንበሩን ማሻከር ካልቻልክ እግርህን አሻክረው፣ አለችኝ። እኔም ምክንያቱ አሳማኝ መሰለኝ።

ከከተማችን ከኢኪኬ እስከ ሳንቲያጎ አንድ ቀን ተኩል በአውቶቡስ ሄድኩ። ለኦክታቪዮ በረሃውን ልሰናበተው ነው አልኩት። ሳንቲያጎ አውሮፕላን ማረፊያ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሽምብራውን በሁለቱም ጫማዬ ውስጥ አደረግኩና እያነከስኩ ተሳፈርኩ።

ኤዴልሚራ፣ ያ ወንበር አይደለም፤ ክፍል ነው። አንዲት ቁልፍ ሲጫኑ እግር ከፍ ይላል፣ ሌላይቱን ሲጫኑ ጀርባ ይተኛል፣ ሁለቱን ሲጫኑ ከእኛ የሚሻል አልጋ ይሆናል። ትሑት የሆነች አስተናጋጅ ወይን አመጣችልኝ፤ መለስኩት። እንፋሎት የሚወጣው ትንሽ ፎጣ ሰጠችኝ፤ ፊት መጥረጊያ መሆኑን ሳላውቅ ዳቦ የተጠቀለለበት መስሎኝ ፈታሁት። ባዶ ነው። ከዚያ ማነከሴን አይታ ኖሮ የጨርቅ ነጠላ ጫማ ይዛ መጣችና ተንበረከከች። «አባት፣ እግርዎን ያመመዎት ይመስለኛል፤ ላውልቅልዎ» አለችኝ። እምቢ ለማለት አፌን ስከፍት ጫማው እጇ ላይ ነበር።

ሽምብራው ፈሰሰ። ደግሞ ልክ የዚያን ጊዜ መንደርደር ልንጀምር ነውና ቀበቶ እሰሩ ተባለ። ልጅቷ ደንግጣ ወደ ቦታዋ ሮጠች፣ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና አደረገ፣ ሽምብራውም አንድ አንድ እያለ፣ ኋላም እየተከታተለ በመተላለፊያው ቁልቁል ተንከባለለ። ከጎኔ ማዶ የተቀመጠ የሳልሞን ነጋዴ ከጋዜጣው ቀና ብሎ፣ «ዛሬ ደግሞ ሾርባውን በጥሬው ነው የሚያድሉን?» አለ። እኔ ስእለትሽ በመጋረጃው ሥር ሾልኮ ሲያመልጥ እያየሁ እንደታሰርኩ ቀረሁ።

ቀበቶ ፍቱ ሲባል አንዲት ሴት መጋረጃውን ገልጣ ብቅ አለች። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ የእኛ እኩያ። በእፍኟ ሽምብራ ይዛለች።

«የዚህ ባለቤት የትኛው ነው? አንዱ ሻንጣዬ ውስጥ ገብቷል፤ እንዳላስቀር ብዬ ነው።»

እኔ ነኝ አልኳት። የስእለት ነው ብዬም ጨመርኩ፤ ምን ልበል? ወደ ወንበሬ፣ ወደ ትራሱ፣ ወደ ነጠላ ጫማው ተመለከተችና «እናንተ ፊት ያላችሁት መከራ ሲያምራችሁ ሽምብራ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ እኛ ኋላ ያለነው ያለ ሽምብራም ደርሶናል» አለችኝ።

ይህ አነጋገሯ ሐሳብ ሰጠኝ። ሽምብራ ከጠፋ፣ ጠባቡ ወንበር አለ አይደል? ከእሷ አጠገብ አንድ ባዶ መቀመጫ እንዳለ ነገረችኝ። አስተናጋጇን ለመንኳት፤ ግራ እየተጋባች ፈቀደችልኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ የፊተኛውን ወንበር ይነካል፣ ክርኔ የሴትየዋን። ይኸውልሽ ኤዴልሚራ፣ አሁን ስእለትሽ መንገዱን ያዘ ብዬ መቁጠሪያዬን አወጣሁ።

ሴትየዋ ዶኛ ኦርቴንሲያ ማንሲያ ትባላለች፤ እዚሁ ከተማ የሸርጣን ፋብሪካ ውስጥ ሸርጣን ትፈለፍላለች። አንድ ዙር መቁጠሪያ እንኳ ሳልጸልይ የድንች ቂጣ ቆርሳ ሰጠችኝ። ውስጡ የጮማ ቁራጭ እንዳለበት ያወቅኩት ሦስተኛውን ስጎርስ ነው። የሟች ባሏን ወሬ አነሳችልኝ፤ ሰውየው አርባ ዓመት አሣ አጥምዶ አሣ ግን የማይበላ፣ ገበታ ላይ አሣ ሲቀርብ «የሥራ ባልደረቦቼን አልበላም» የሚል ኖሯል። ሳቅኩ። ከነሐሴ ወዲህ ሳቅ ከእኔ መውጣቱ የመጀመሪያው ነው፤ የራሴን ድምፅ ሰምቼ ደነገጥኩ።

እዚህ ላይ ነው መላ ነገሩ የተምታታብኝ። ፊት፣ ያ ሁሉ ለስላሳ ነገር ውስጥ፣ ደረቴ እንደ ጠነከረ ሊጥ ሆኖ ነበር። ኋላ፣ መከራ ልቀበል መጥቼ፣ ስበላና ስስቅ ተገኘሁ። ታዲያ መከራው የትኛው ወንበር ላይ ነው? እመቤታችን ዘንድ የሚቆጠርልሽስ የትኛው?

ይህንኑ ለዶኛ ኦርቴንሲያ ነገርኳት። ስለ አንቺ፣ ስለ ኦክታቪዮ፣ ስለ ስድስቱ ቀን ሁሉንም። አዳመጠችኝና አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ አምስት ዓመት ረጅም ነው፣ ባለቤትዎ በሕይወት ሳሉ ለምን አልመጡም? እኔም ለሰው ሁሉ የምሰጠውን መልስ ሰጠኋት። ዳቦ ቤት አለን፣ ምድጃው ተሰንጥቆ ነበር፣ አልኳት። አውሮፕላኑ ያን ጊዜ ትንሽ ተናጠ።

«ዶን ክሌሜንቴ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «አፍዎ ስለ ምድጃ ያወራል፤ እጅዎ ግን ክንዴን ሊሰብረው ነው።»

አየሁት። እውነቷን ነው። የወንበሩን መደገፊያ የያዝኩ መስሎኝ የሴትየዋን ክንድ ጨምድጄ ነበር።

ኤዴልሚራ፣ ለእሷ የነገርኳትን አሁን ለአንቺ ልንገርሽ። ከአንቺ በፊት ባዳ ሰው ስለሰማው አትቀየሚኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ጥር ላይ ኦክታቪዮ ለሁለታችንም ቦታ አግኝቶ «ኑ» ሲለን፣ አንቺ ወፍራም ካፖርት አሰፍተሽ፣ ለጎረቤት ሁሉ አውርተሽ ስትጨርሺ፣ ምድጃው ተሰንጥቆ የተገኘው በራሱ አልነበረም። አንቺ እሑድ ቅዳሴ ስትሄጂ እኔ ነኝ በመዶሻ ሁለቱን ጡብ የመታኋቸው። አውሮፕላን ስለምፈራ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ሌሊት ጨለማ ውስጥ ለሠላሳ ዓመት ምድጃ ያነደደ ሰው፣ ሰማይ ላይ መንጠልጠልን ሲያስብ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጥ ነበር። አፍሬ አልነገርኩሽም። «አንቺ ሂጂ፣ እኔ ምድጃውን ላሠራ» ስልሽ ካፖርቱን አጥፈሽ ሳጥን ውስጥ ከተትሽና «ያላንተ የት እሄዳለሁ» አልሽኝ። ፍቅር መስሎኝ ደስ አለኝ እንጂ እግርሽን እንዳሰርኩሽ አልገባኝም። ጡቡን መልሼ ስደረድር አጠገቤ ቆመሽ ጭቃ ታቀብዪኝ ነበር። በአውቶቡስ የሄድኩትም በረሃውን ልሰናበት ብዬ አይደለም።

ዶኛ ኦርቴንሲያ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችኝምም። ክንዷን እያሻሸች መለሰችልኝ።

«የእሳቸውን ስእለት ተሸክመው ይዞራሉ። የራስዎንስ ሸክም ለማን ሰጡት? ሽምብራውን ይተዉና ይቅርታ ይጠይቋቸው።»

«ሞታለች እኮ» አልኳት።

«እና? በሕይወት በነበሩ ጊዜ ጠይቀዋቸዋል?»

መቁጠሪያዬን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ልናርፍ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረን ወደ ፊት ተመለስኩ። ልጅቷ አልጋውን አንጥፋ፣ ብርድ ልብሱን ገልጣ ጠብቃኛለች። እንግዲህ ኦክታቪዮ «ተኛህ ወይ» ብሎ መጠየቁ አይቀርምና ተጋደምኩ። እንቅልፍ አልመጣም። በጎኔ ስዞር ዓይኔ መስኮቱ ላይ ወደቀ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድም ጊዜ አላየሁበትም ነበር። ከታች ነጭ ተራራ፣ በመሃሉ እንደ ተሰበረ ሰማያዊ ብርጭቆ ያለ ውኃ፣ ደግሞ ነጭ ተራራ። እኔም አልሞትኩም። ለካ ይህን ነው የነፈግኩሽ። ያ አልጋ፣ ኤዴልሚራ፣ ከሽምብራው ይበልጥ ወጋኝ። ይህ ስእለት ላይ ይቆጠር አይቆጠር አላውቅም። ሩፔርታን ብጠይቃት አይቆጠርም ትላለች፤ አባ ሊሳንድሮም ቁጥር የሚባል ነገር የለም ይሉኛል።

የማረፊያ ቤቱ ባለቤት አሁን ገብታ ሰማዩ ተከፍቷል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንነሳለን አለችኝ። ኦክታቪዮም ደወለ፤ እዚያ በረዶው ላይ፣ አውሮፕላኑ በሚያርፍበት ቆሞ እንደሚጠብቀኝ ነገረኝ። አልጋው እንዴት ነበር ሲለኝ ለስላሳ ነው አልኩት፤ ይህኛው ውሸት አይደለም።

እዚያ ስደርስ የማደርገውን ልንገርሽ። ከበሩ እስከ መንበሩ በጉልበቴ እገባለሁ፤ ያ ያንቺ ነው፤ በአንቺ ስም ይድረስ። ከዚያ፣ ጉልበቴ ከፈቀደልኝ፣ ወደ በሩ እመለስና ሁለተኛ እገባለሁ። ያኛው ስለ ሁለቱ ጡብ ነው። ኦክታቪዮ ሊያነሳኝ ሲመጣ፣ ገና እዚያው ወለሉ ላይ ሳለሁ፣ እናቱ ለምን እንዳልመጣች እነግረዋለሁ። ሊቆጣኝ ይችላል። መብቱ ነው።

ይቅር በይኝ፣ ኤዴልሚራ። ይህን ለመጻፍ ሦስት ዓመትና አንድ የአንቺ ሞት ፈጀብኝ። ደጅ ላይ ቆመሽ እንደሆነ እባክሽ ግቢ፤ እኔን አትጠብቂ። ገብተሽም ከሆነ ለእመቤታችን አንድ ቃል ጣል አድርጊልኝ። አውሮፕላኑ ትንሽ ነው፣ ነፋሱ ብዙ ነው፣ እኔም በጣም ፈርቻለሁ። እሄዳለሁ።

ፈሪው ባልሽ
ክሌሜንቴ ኦያርሶ