ያልተቀበልኩት ቁራሽ

ሚያዝያ 14፣ እሁድ

ዝናብ። ሻይ ቅጠሉ ሊለቀም ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ጉልበቴ ግን ከወዲሁ ያጉረመርማል። ጎረቤቴ ኩሜ የቀርከሃ ቡቃያ ይዛልኝ መጣች። ወሬውንም አልረሳችም። የሩዝ ሻጩ ልጅ ከከተማ ፀጉሯን ቡናማ ቀብታ ተመለሰች አሉ። "ቀበሮ መስላልሻለች!" እያለች ሦስት ስኒ ሻይ ጠጥታ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ። ድምፁ የሴት ነው። አነጋገሩ ግን... የሟች አባቴ! ድሮ የመንደራችን ሽማግሌዎች የሚናገሩት፣ ዛሬ ከማንም አፍ የማይሰማ ዓይነት። ሰው የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ልዘጋው ነበር።

"አክስቴ ቶሚኤ? የኢሳኩ ልጅ ነኝ። ኔውዛ።"

የጋሼ ኢሳኩ ልጅ! ታላቅ ወንድሜ በሃያ ሦስት ዓመቱ መርከብ ተሳፍሮ ብራዚል ከገባ ሠላሳ ሰባት ዓመት። ልጁ አሁን እዚህ፣ በባቡር የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ፣ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ትሠራለች። የጃፓን ደም ያለው መጥቶ ይሥራ የሚል ሕግ ወጥቶ የለ? በዚያ ነው የመጣችው። ቋንቋውን ያስተማራት አባቷ ብቻ ነው። ለካ እንደ ሽማግሌ ገበሬ የምታወራው ለዚህ ነው።

ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን...

ሚያዝያ 15

ጋሼ ከሞተ አራት ዓመቱ። ያኔ በደብዳቤ ተረድቼ አልቅሻለሁ። ትናንት "አባዬ" ስትል ግን ገና አሁን የሞተ መሰለኝ።

ሚያዝያ 21፣ እሁድ

መጣች። ፊቷ ቁርጥ እናቴ! ያው አገጭ፣ ያው ሰፊ ግንባር። ከባቡሩ እንደወረደች ሮጣ በሰው ፊት አቀፈችኝ። እጄን የት ላድርገው? እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ኩሜ ደግሞ እዚያው መውጫው በር ላይ! ሳይመሽ መንደሩ ሁሉ ሰምቶታል።

በሻርፕ የተጠቀለለ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛለች። ስጦታ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ።

"አባዬ ነው" አለችኝ።

እዚያ አገር አስከሬን ሲቃጠል አጥንቱን ፈጭተው ነው የሚሰጡት። እሷ እንዳይፈጩት ለምና፣ ብቻዋን በእጇ ለቅማ እዚህ ቆርቆሮ ውስጥ አስገባችው።

"'ከእናቴ ጎን አስቀምጪኝ' ብሎኛል፣ አክስቴ። ፋብሪካው ሰበብ ነው። የመጣሁት ለዚህ ነው።"

የቤተሰቡ መቃብር በታናሽ ወንድማችን በጉንጂ እጅ ነው። ጋሼ ሲሄድ ቤቱም መቃብሩም ለእሱ ሆነ። እሱ ካልፈቀደ ድንጋዩን የሚያነሳ የለም። "እነግረዋለሁ" አልኳት። ምነው ቀላል መሰለኝ?

ሚያዝያ 29፣ ሰኞ፣ በዓል

ጉንጂ ቤት እራት። ሚስቱ ጥሩ አድርጋ አዘጋጅታለች፤ ዓሣ፣ የተጠበሰ እንቁላል፣ የቀርከሃ ቡቃያ። ኔውዛ ጫማዋን በሥርዓት አውልቃ፣ አጎንብሳ ገባች። ጉንጂ እንኳ ፈገግ ብሎ ነበር። የሽማግሌ አነጋገሯን ሲሰማ "አባባ ከመቃብር ተነሥቶ መጣ እንዴ!" አለና ሁላችንንም አሳቀን።

ከዚያ... ኔውዛ ከእንቁላሉ ቁራሽ በቾፕስቲኳ አነሳችና ወደ እኔ ዘረጋችው። "አክስቴ፣ ይቺን ቅመሺ።" ዓይኗ ይስቃል። እንደ ጉርሻ ነው ለእሷ፣ ፍቅር ነው። የእኔ ቾፕስቲክ እጄ ላይ ነው። መቀበል ብቻ ነበረብኝ።

እጄን ሰበሰብኩ። እሳት እንደነካው። ቁራሹ ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

የጉንጂ ሚስት አፏን ያዘች። ጉንጂ ጽዋውን አስቀምጦ "ፊቷ የኛ፣ እጇ የማን ነው?" አለ። ለእሷ አይደለም፣ ለእኔ ነው ያለው፣ ክፍሉ ውስጥ እንደሌለች ቆጥሮ።

"ምን አጠፋሁ?" አለች።

ዕቃ ስናጥብ ነገርኳት። ሁለት ሰው አንድን ነገር በቾፕስቲክ የሚቀባበለው በአንድ ቀን ብቻ ነው። ሬሳ ተቃጥሎ አጥንቱ ከአመዱ ሲለቀም። አንዱ ያነሳል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ወደ ማሰሮው ያስገባሉ። ከእግር ይጀመራል። በመጨረሻ የአንገት አጥንት ትቀመጣለች፤ ቁጭ ብሎ የሚጸልይ ሰው ትመስላለች። ስለዚህ ማዕድ ላይ እንዲያ ማድረግ ሞትን መጥራት ነው።

ሳህኑን ይዛ ቆመች።

"ታዲያ ለአባዬ..." አለች፣ "በወዲያኛው በኩል ማን ይዞለት ነበር?"

ሳህን አጠብኩ።

ግንቦት 3፣ አርብ

ለቀማ ተጀመረ። ኔውዛ የዕረፍት ሳምንቷን ልትረዳኝ መጣች። እጇ ፈጣን ነው፣ ቡና ለቅማ ነው ያደገችው። ከመስመሩ ወዲያ ግን ሴቶቹ ሹክ ሹክ።

ሁለት ዓመት ሆነው፣ አንድ አሜሪካዊ መምህር ለቀማ ሊያይ መጥቶ ነበር። ቾፕስቲኩን ገልብጦ ይዞ ሩዙን ጭኑ ላይ ሲበትነው "ጎበዝ! ጎበዝ!" ብለን አጨበጨብንለት። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ለኩሜ ይህን ባነሳባት...

"እሱማ የውጭ ሰው ነው" አለችኝ። "ከእሱ ምን ይጠበቃል? ይቺ ግን ፊቷ የኛ ሆኖ ስትሳሳት... እኔ እንጃ ቶሚኤ። ታሳዝነኛለች፣ ግን ደግሞ ታናድደኛለች።"

ለካ ጥፋቷ እኛን መምሰሏ ነው።

ጦርነቱ ያለቀ ዓመት ትዝ አለኝ። የውጭ ሰው ቀንድ አለው፣ ሕፃን ይበላል እየተባልን ነው ያደግነው። የአሜሪካ ወታደሮች በመኪና ሲመጡ እናቴ የሻይ መጋዘን ውስጥ ደበቀችን። ጋሼ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። በስንጥቁ አየና ሳይቸግረው ጮኸ፤ "ቶሚ! ቀንድ የለውም!" አባባ በጥፊ አጮለው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋልኩ... ቀንድ የለውም።

ያ ጥፊ ይሆን ብራዚል ያደረሰው?

ግንቦት 5፣ እሁድ

ጉንጂ ጠራን። ቆርቆሮው መሀላችን ተቀምጧል።

"ጋሼ የወጣ ሰው ነው" አለ። "ድሮ አገሩ ተዘግቶ በነበረበት ዘመን፣ ባሕር ተሻግሮ የተመለሰ በሞት ይቀጣ ነበር። እኔ ያን አላልኩም። ግን የወጣ ወጣ ነው። አባባን ሦስት ዓመት ገላውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። እማማን የቀበርኩት እኔ ነኝ። እሱ ምን ላከ? ደብዳቤ! አሁን ደግሞ እንግዳ ሴት በብስኩት ቆርቆሮ ይዛው መጥታ... የመንደሩ ሰው ምን ይለናል?"

ውሸት የለበትም። ለዚህ ነው የከበደኝ። እኔም ባል አግብቼ ስወጣ ሸክሙ ሁሉ በእሱ ላይ ነው የቀረው።

"አንቺስ፣ እትዬ? ምን ትያለሽ?"

ኔውዛ አየችኝ። የእናቴ ዓይን።

ዝም አልኩ። ምንጣፉን እያየሁ ዝም አልኩ። በእኛ ቤት ዝም ያለ ተስማማ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ጉንጂም ያውቃል። እሷ ብቻ ናት አፌን እያየች የጠበቀችው።

ግንቦት 6

ባቡር ጣቢያ ሸኘኋት። እንዳታቅፈኝ ፈርቼ ነበር። አላቀፈችኝም። ሁለት እርምጃ ርቃ አጎንብሳ ሰገደች፤ ልክ እንደ እኛ፣ ቅንጣት ሳይጎድል። ቆርቆሮውን አቅፋለች።

ማን አስተማራት? እኛ ነን።

ሰኔ 11

ክረምት ገብቷል። ስልክ የለም። ሁለቴ ደወልኩ፣ "ሥራ ላይ ናት" አሉኝ። እውነት ይሆን?

ሰኔ 25

የሸክላ ዕቃ ገበያ ሄጄ ትንሽ ነጭ ማሰሮ ገዛሁ። ሻጩ "ለኮምጣጤ አትክልት ነው?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ምን ልበለው? ለምን እንደገዛሁት ራሴም አላወቅሁም... አይ፣ አውቃለሁ። ሄጄ አብረን ልናደርገው ነው። እኔና እሷ። እንደ ወጉ ቾፕስቲኩን ከሁለት ዓይነት እንጨት አመጣለሁ፣ አንዱ ከቀርከሃ፣ አንዱ ከአኻያ። እሷ ታነሳለች፣ እኔ እቀበላለሁ። መቃብሩ ባይከፈት እንኳ ይህን ማን ይከለክለናል?

ሐምሌ 7፣ እሁድ

ሄድኩ። የፋብሪካው ሠራተኞች መኖሪያ ሦስተኛ ፎቅ። አንዲት ብራዚላዊት ከፈተችልኝ።

"ኔውዛ? ከአሥር ቀን በፊት ወደ አገሯ ተመለሰች።"

ማሰሮውን ከነመጠቅለያው እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሴትዮዋ ውኃ ሰጠችኝ፣ ጀርባዬን አሻሸችኝ። አላወቀችኝም፣ ግን አሻሸችኝ። ከዚያ አንድ ትንሽ ጠርሙስ አመጣች። "አክስቴ ከመጣች ብላ ነው የተወችው" አለችኝ። ከመጣች...

ውስጡ ጥጥ። ጥጡ ውስጥ ያቺ የአንገት አጥንት። ቁጭ ብላ የምትጸልይ።

ደብዳቤው ሕፃናት መጀመሪያ በሚማሩት ቀላል ፊደል ብቻ ነው የተጻፈው። "አክስቴ፣ በነገርሽኝ መሠረት ፈልጌ አገኘኋት። ሌላውን እዚያ በቡናው እርሻ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። አባዬን እዚያ ሁልጊዜ 'ጃፓኑ' ይሉት ነበር። እኔንም 'ጃፓኗ' ይሉኛል። እዚህ ስመጣ ይቀራል ብዬ ነበር፣ እዚህ ደግሞ ብራዚላዊቷ ሆንኩ። አልተቀየምኩሽም። ፈርተሽ ነው። አባዬ 'ቶሚ ፈሪ ናት፣ ግን ልቧ ጥሩ ነው' ይል ነበር።"

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሙታን ወደየቤታቸው የሚመለሱበት ቀን ነው። ጠዋት ጉንጂ ዘንድ ሄድኩ። ቤተሰቡ ሁሉ ባለበት፣ ሚስቱ ሐብሐብ ስትቆርጥ፣ ተናገርኩ። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ያን ቀን ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ጋሼ እኔ ጋ አለ። የመቃብርህን ድንጋይ አላስነሳህም። ስሞት ከእኔ ጋር በባሌ መቃብር ይገባል፣ ለቤተ መቅደሱ መነኩሴ ነግሬያለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ና፣ አጥንቱን ወደ ማሰሮው ሳስገባ በወዲያ በኩል ያዝልኝ።"

ጉንጂ ወደ ጓሮው አትክልት አየ። "እትዬ... ሰው ምን ይላል?"

"ሰውማ አሁንም እያለ ነው።"

አልተነሳም። አልፈረድኩበትም፣ እኔም አልተነሳሁም ነበር። ኩሜን ጠየቅኋት። እንባዋ መጣ፣ "እኔ እኮ ዘመድ አይደለሁም ቶሚኤ" አለችኝ።

ሲመሽ ደጃፌ ላይ ደረቅ ጭራሮ አነደድኩ፣ ጋሼ ጭሱን አይቶ መንገዱን እንዲያገኝ። በስተቀኝ የጉንጂ ቤት እሳት ይታያል። የትኛው በር እንደሚከፈትለት ያውቅ ይሆን?

ከዚያ ገብቼ ነጩን ማሰሮ ከፈትኩ። የቀርከሃውንና የአኻያውን ቾፕስቲክ ይዤ ያቺን አጥንት ከጠርሙሱ ጥጥ ውስጥ አነሳኋት። ቅልል ያለች ናት። ልማዱ ነውና ወደ ወዲያኛው በኩል ዘረጋሁ።

እጄ እስኪዝል ዘርግቼ ጠበቅሁ።