ለአፌ ዋስ የሆነው ሰው

ኅዳር ፲፣ ማክሰኞ፣ ጧት

በመቱ ከተማና በዙሪያዋ ለምትገኙ ሁሉ፦ የቤታችን አውራ ዶሮ ዛሬ ሳይጮኽ ነግቷል። ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው። ባለቤቴ የሺ ብርድ መትቶት ነው ትላለች። እኔ ግን ለጾሙ ቅበላ እያየችው መሆኑን ስለነቃ ነው እላለሁ።

ቁርስ ቆሎ። ጥርሴ ሄዷል፤ ቆሎው እንደ ድሮው ነው። ካፖርቴን ደርቤ ወደ ሥራ። የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። ምን ላድርግ፤ ቆርቆሮ የሚቆርጥና የሚበይድ ሰው ከተማው ውስጥ ከእኔ ሌላ የለም። ያስተማርኳቸው ሁሉ ጅማ ገብተዋል።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ አንተንም ላስጠንቅቅህ። ከአዲስ አበባ የመጣው ኮንትራክተር ባለፈው ሳምንት አስፈርሞኛል። ሥራው የሙቅና የቀዝቃዛ አየር ነው። ርጥብ ቡና ማድረቂያ ቤቱ ይገባል፣ ሙቅ አየር ይነፍስበታል፣ ከዚያ ቀዝቃዛ አየር ያበርደውና ጆንያ ውስጥ ይገባል። በውሉ መሠረት እዚያ ቤት ያየሁትን በቃልም በጽሑፍም አላወጣም። የሰውዬውን ስም መጻፍ እንኳ ስለፈራሁ ኮ. ብዬዋለሁ። ለምስክርነት ቢጠሩህ ባዶ ወረቀት ነኝ በል።

ያለ ዋስ ደግሞ ውል የለም። የእኔ ዋስ አበልጄ ገመዳ ነው፤ የያዮ ሰው፤ ልጁን ክርስትና ያነሣሁለት። ጋሼ ምስጢር ካወጡ የቡና መሬቴ ይያዝ ብሎ ፈረመ። ከእኔ አፍ ይልቅ ለጅብ ብትዋስ ይሻልህ ነበር አልኩት። ሳቀ።

አሁን ጉዱን ስማ። እሳቱ የሚነድበት ትልቁ ብረት በበደሌ መንገድ ሲንገጫገጭ መጥቶ ተሰንጥቋል። ጭሱ በጭስ መውጫው መውጣቱን ትቶ ቡናው ላይ ይነፍሳል። ለኮ. አሳየሁት። በይደው አለ። የእኔ ብየዳ ለፋኖስና ለማንቆርቆሪያ ነው አልኩት። እንግዲያው በጭቃና በዐመድ ድፈነው አለኝ። አዲሱ ብረት ከባሕር ማዶ ለፋሲካ ይደርሳል ይላል። ቡናው ግን የሚለቀመው አሁን ነው። ጭቃ እሳት ሲያገኘው ይሰነጠቃል ብል፣ ውሉን አስታወሰኝ።

ደፈንኩት።

ኅዳር ፲፪፣ ሐሙስ

ኅዳር ሚካኤል። ከተማው ቆሻሻውን ጠርጎ ያጥናል። ጭሱ ዐይን አያስገልጥም። ኮ. ማድረቂያ ቤቱን ለሕዝብ የከፈተው ዛሬ ነው። ሌላ ቀን አጥቶ አይደለም። እኔ ራሴን ተንኮለኛ እል ነበር፤ ለካ ገና ፊደል ቆጣሪ ነኝ።

ጭቃው እንዳልኩት ተሰነጠቀ። ገመዳ ከያዮ ወርዶ መጥቷል። ለናሙና ከደረቀው ቡና እፍኝ አንሥቶ አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። ጭስ ጭስ ይላል አለ። ኮ. ሳቀና፣ በኅዳር ሚካኤል ጭስ ጭስ የማይል ምን አለ፣ እስቲ ጋቢህን አሽትተው አለው። ገመዳ የዋህ ነው፤ ጋቢውን አሸተተ። ሰው ሁሉ ተንከተከተ።

ከዚያ ገመዳ ወደ እኔ አየ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ኮ.ም ጉሮሮውን ጠረገ።

ፊቴን ወደ ብረቱ መለስኩ። ገመዳ የዘንድሮ ቡናውን በሙሉ ላመጣ ነው ብሎ ቃል ገባ።

ኅዳር ፲፫፣ ዓርብ

መላ አገኘሁ! ገመዳ ከዋስነቱ ይውረድ። ሌላ ሰው ይተካ፤ የሚደርስበትን በቤቴ እክሳለሁ። ከዚያ በነፃ አፌ እናገራለሁ። ኮ. ተስማማ፤ ሰው ካገኘህ አምጣ አለ። ፈገግ ብሎ ነው ያለው። ለምን ፈገግ እንዳለ ከሰዓት በኋላ ገባኝ።

ዞርኩ። ጎረቤት፣ አማች፣ ጠጅ ቤት። ለገንዘብ ቢሆን፣ ለከብት ቢሆን እሺ ይላሉ። ለእኔ ዝምታ ግን የሚዋስ ጠፋ። የንስሐ አባቴ ዘንድ ደረስኩ። ጺማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና፣ «ለነፍስህ እዋሳለሁ። ለአፍህ ግን አልደፍርም» አሉኝ።

በዚህ አገር አፌን ያመነ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱኑ ነው የማቃጥለው።

ኅዳር ፲፬፣ ቅዳሜ

ሌላ መላ። ቀልድ ምስጢር ማውጣት አይደለም። የሽማግሌ ቀልድ ደግሞ ማን ከሶ ያውቃል? ገበያው ሲበተን ጠጅ ቤት ገባሁ። ገመዳ አለ፤ ኮ. የለም። የኮ. ብረት ደረቱ ተሰንጥቆ እንደ እኔ ያስላል፣ ጭሱንም ለቡናው ያጎርሰዋል፣ የዘንድሮን ቡና የጠጣ ትንባሆ መግዛት አያስፈልገውም አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ገመዳ እንባውን ጠረገ። የምሬን ነው፣ በሚካኤል አልኩ። ባሰባቸው።

አምና በሶር ወንዝ ቃጭል ያሰረ ጉማሬ ታየ ብዬ፣ በዚሁ በሚካኤል ምዬ፣ የከተማውን ግማሽ ቁልቁል አውርጃለሁ። እና ማን ይመነኝ?

ገመዳ ብርሌዬን ሞላልኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ካልማሉ ነው የማምንዎት» አለ።

ኅዳር ፲፯፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ያለ ወሩ። የገመዳ ቡና ሰሌን ላይ ሊሻግት ነው።

ቡናውን የጫኑት የገመዳ በቅሎዎች ደረሱ። ከሩቅ በኦሮምኛ አካም ቡልታን፣ እንደምን አደሩ ጋሼ ይለኛል፤ ደስ ብሎታል። የማድረቂያ ቤቱ በር ላይ ቆምኩበት። ግቢዬ ባዶ ነው፣ እቤቴ እናስጣው አልኩት። ጣሪያዎ ያፈሳል እኮ አለ። ያፈሳል። የቆርቆሮ ሠሪ ጣሪያ ነው።

ቡናው ገባ። ቀኑን ሙሉ ከብረቱ ጀርባ ነኝ። ሲሰነጠቅ እደፍናለሁ፣ ስደፍን ይሰነጠቃል። ጣቶቼ ተላጡ። ብዕር ለመያዝም...

የሺ ቅቤ ቀብታኛለች። ልጨርስ። ጭሱ አሸነፈኝ።

ኅዳር ፳፣ ዓርብ

ቡናው ወጣ። ቀለሙ ያምራል። ሊገዛ የመጣው ነጋዴ አንድ ፍሬ በጥርሱ ሰበረ፣ አሸተተ፣ የጆንያውን አፍ መልሶ አሰረው። ዛሬ ኅዳር ሚካኤል አይደለም፤ አየሩ ጥርት ያለ ነው። ሁለተኛውም ነጋዴ እንደዚያው። ኮ. ቡናው ሲመጣም ጤነኛ አልነበረም አለ። ገመዳ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ዓመቱን የሚከርምበት ያ ነው። ዝናብ እንደገና ጀመረ፤ ከጆንያው አልተነሣም።

የሺ፣ በል አሁን እንኳ ንገረው አለችኝ። እኔም አስረዳኋት። ብነግረው ይከሳል። ቢከስ ከማን ሰማህ ይባላል። እኔ እጠራለሁ፤ ውሉ ይነበባል፤ የገመዳ መሬት ይያዛል። ቡናው አንዴ ሄዷል። መሬቱ ግን ለከርሞ ያፈራል። የሺ ጀርባዋን ሰጥታኝ ምድጃዋን ቆሰቆሰች። እሷ እሳት ስትቆሰቁስ እኔ እፈራለሁ።

ኅዳር ፳፪፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገመዳ መጣ። ወንበር ሳብኩለት። አልተቀመጠም። የሺ ውሃ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች፤ አውቃ ነው የዘገየችው።

«ጋሼ፣ ጠጅ ቤት የነገሩን ነገር እውነት ነበር?»

አንድ ቀን እመነኝ ብዬ ለምኜው ነበር። ዛሬ ሊያምነኝ መጣ። አዎ ካልኩት ቂም ይዞ ወደ ዳኛ ይሄዳል፤ በእግሩ ሄዶ መሬቱን ያስረክባል። በዚህ በኩልም ገደል፣ በዚያም ገደል።

«ቀልድ ነበር» አልኩት። «እኔ መቼ የምር አውርቼ አውቃለሁ?»

ሳቄን ፈለግሁት፤ ፊቴ ላይ አልነበረም። ይሁን አለ። ሲወጣ ትከሻዬን እንደ ወትሮው መታ መታ አደረገኝና፣ ለገና ከያዮ እንዳልቀር አስጠነቀቀኝ።

ውሳኔዬ ይኸው ነው፦ ዕድሜዬ እስኪያልቅ ቀልድ ነበር እላለሁ። ቢጠላኝም ከመሬቱ ላይ ቆሞ ይጥላኝ። ጠጅ ቤትም አልሄድም፤ የሚያስቅ ነገር አልቆብኛል።

ማስታወሻዬ፣ አንተን እንኳ ልዋሽህ ነበር። ትከሻዬን መታ አደረገኝ ያልኩት፣ ለገና ጠራኝ ያልኩትም ከራሴ የጨመርኩት ነው። ይሁን ብሎ ወጣ። በሩንም አልዘጋው።