የሂሩት ሬዲዮ

ሐሙስ

ቆለፍኩት። ባለ መዝጊያ ሳጥን ነው፤ ቴሌቪዥኑን ከነዳንቴሉ ከትቼ ቁልፉን ጡት መያዣዬ ውስጥ ወሸቅኩት። እስቲ ከዚያ ያውጡት!

ሂሩት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ማባዛት አትችልም፣ የዜና አንባቢዎቹን ስም ግን እንደ ውዳሴ ማርያም ታወርደዋለች። የስብሰባ ንግግር ሳይቀር አፏን ከፍታ ታያለች። ንግግር! እኔ ቢሮ ታይፕ ሳደርግ ስውል የሰለቸኝን!

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ፦
— ቴሌቪዥን እሑድ ብቻ፣ የልጆች ሰዓት ብቻ።
— የሰፈር ልጆች ሳሎኔን ሲኒማ ቤት አያደርጉም።
— የመኝታ ቤቱን ሬዲዮ ልጅ አይነካም።

ሬዲዮው የጌታሁን ነው። ባሌ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ በሩን ይዘጋና የተከለከለውን የውጭ ጣቢያ ያስሳል። ይህንን መጻፌ እብደት ነው። ግን ለማን ልናገር? ካልጻፍኩት እፈነዳለሁ።

ዓርብ

ድል! አላለቀሰችም። ኮሪደሩ ላይ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ተደግፋ ደብተሯን ይዛ ቁጭ አለች። ጌታሁንን «አየህ? ልጅ ሲቆጡት ይሰማል» አልኩት።

ደግሞ የቀበሌው የሕፃናት ኪነት ቡድን መርጧታል። እሑድ ከስብሰባው በኋላ በሚታየው ተውኔት ዜና አንባቢ ትሆናለች። ስለ መሠረተ ትምህርት የተጻፈ አንድ ገጽ ሰጥተዋታል። ቀሚሷን ተኮስኩላት።

እሑድ

እንደምንም ልጻፈው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ንጉሤ ከፊት። ሂሩት ጠረጴዛ ላይ ወጣች፤ የቲማቲም ጣሳ በዱላ ላይ ሰክተው ማይክራፎን ብለውላታል። ወረቀቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ወረቀቷን አየች። የቱ ጋ እንደምትጀምር ጠፋባት። «በርቺ» አልኳት በዓይኔ። ምነው ባላልኳት!

በአፏ «ሽሽሽ… ዊዊዊ…» ማለት ጀመረች። መንግሥት ጣቢያውን ሲያፍነው የሚሰማው ድምፅ! ከዚያ ጣሳውን በጥፊ ሁለቴ መታችና በአባቷ ድምፅ «ኧረ ይቺ የተረገመች!» አለች። ቀጠለች፦ «ውድ አድማጮቻችን፣ እውነቱን ከእኛ ስሙ…» ቃል በቃል፣ የአንባቢው ጉሮሮ መጥረግ ሳይቀር። ይሄም አልበቃ ብሏት ቀጭን ድምፅ አወጣች፦ «ጌታሁን፣ ቀንሰው እንጂ! ጎረቤት ይሰማል!»

እኔ ነኝ። የኔ ድምፅ ነው።

አንድ ሰው እንኳ አላሳለም። የጎን ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ጭኔን ቆንጥጠው፣ «አጨብጭቢ፣ አንቺ ሴት!» አሉኝ፤ ራሳቸው ጀመሩት። ሌላው ተከተለ። ያ ሁሉ ሕዝብ መዳፉን እስኪያመው አጨበጨበ። ማን ደፍሮ «ይህቺ ጣቢያ እገሌ ናት» ይበል? አወቅኩ ካለ ሰማሁ ማለቱ አይደል!

ሊቀመንበሩ ግን አላጨበጨበም። ይጽፋል።

ሰኞ

ከቀበሌው መጥሪያ መጣ። ነገ ጠዋት፣ እናት ከነልጇ።

ጌታሁን ፊቱ አመድ መስሏል። «ቴሌቪዥኑን ባትቆልፊባት ግድግዳ ስር አትቀመጥም ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለዚህ ነው ይበልጥ የጮህኩበት። «አንተስ ለሬዲዮ በጥፊ ካልሰጠኸው አይሰማህም?» አልኩት። በኋላ ሁለታችንም አለቀስን። ሰው የተወሰደበት ቤት በሰፈራችን አንድ ሁለት አይደለም።

ሂሩትን አስቀምጠን አስጠናናት። «ከየት ሰማሽ ሲሉሽ፣ ከራሴ ፈጥሬ ነው በይ።»

«ውሸት ነው እኮ፣ እማዬ።»

«ውሸት ነው። በይ ግን።»

አሥር ጊዜ አስደገምናት። ማባዛትን እንዲህ አስጠንቻት አላውቅም።

ማክሰኞ

ቤቴ ነኝ። ተመስገን።

ጓድ ንጉሤ ቢሮ ውስጥ ብቻውን ነበር። እኔን ትቶ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «የኔ ልጅ፣ ያንን ነገር ከየት ሰማሽው?»

አውሮፕላን በላያችን እያጓራ አለፈ፤ ሰፈራችን ቦሌ ሚካኤል አይደል፣ መቼም። እስኪያልፍ ጠበቀ። እኔ ለሚካኤል ስንት ነገር እንደተሳልኩ እሱ ራሱ ያውቃል።

«ከራሴ ፈጥሬ ነው» አለች። ዓይኗን እንኳ አልሰበረችም።

ጻፈው። አስፈረመኝ። በሩ ጋ ስንደርስ ተከትሎን መጣና ወረቀቱን እያጠፈ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወይዘሮ አልማዝ፣ ብርድ ልብስ ጣል ያድርጉበት። እኛም ቤት እንደዚያ ነው የምናደርገው» አለኝ።

ወጥመድ ይሁን ቸርነት እስካሁን አልገባኝም። «ምኑ ላይ?» ብዬ፣ ምንም እንዳልገባኝ ሆኜ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ሂሩት እጄን ሳበችኝ።

«እማዬ፣ ጥሩ አድርጌ ዋሸሁ?»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህንን እናቱን የሚጠይቅ ልጅ! ፊቷን ሳየው ግን ምስጋናዋን እየጠበቀች ነው።

«ጎበዝ» አልኳት። «በጣም ጎበዝ።»

ደስ ብሏት እየዘለለች ፊት ፊቴ ሄደች።